ተራ የሚጠብቁ ሣጥኖች

በራችን አጠገብ ያለችውን አግዳሚ ወንበር ልጆቹ ጠምደው ያዙብኝ። ግሪንቤልት ከተማ ወደዚህ ቤት ስንገባ ይዘናት የመጣናት ናት፤ አሁን ጫማ ማውለቂያ ሆናለች። አንዱ እግሯ ስላጠረ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አድርጌበታለሁ፤ እንዲያም ሆኖ የተቀመጠባትን ሁሉ ወዲያ ወዲህ ታደርጋለች። ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ከኮሌጅ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። አንደኛው ጫማውን ሊፈታ ቁጭ ሲል ወንበሯ ዘመም ብላ ልትጥለው ሆነ።

«እማማ፣ ይኼን ነገር ለምንድን ነው የማንጥለው? ሲሪየስሊ!» አለችኝ።

«እሷ ጃዝ ቤት የነበረች ናት፤ አትጣልም።»

ሁሉም ዞር አሉ። «የምን ጃዝ ቤት? አንቺ ጃዝ ቤት ትሄጂ ነበር?»

እዚህ ለተወለዱ ልጆች አንቱታ አይሆንላቸውም፤ እኔም አልቀየማቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ካልነገርሽን ብለው ያዙኝ። በስልክ እንቅዳሽም አሉኝ። ስልክ ፊት አፌ ይተሳሰራል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናቱ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው፤ እጄ ይዘገያል እንጂ ይጽፋል። ስለዚህ እኔው ልጻፈው። ከመንገድ ከወጣሁ ታገሡኝ። ወሬ ስጀምር ሳልገባበት የማልፈው ቤት የለም፣ አመሌ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ሳለ የማርሽ ባንድ ውስጥ ጡሩምባ ነፊ ነበር። «ትራምፔት በይ፣ እማዬ» ይለኛል እስከ ዛሬ። እኔ ጡሩምባ ነው የማውቀው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲመጣ እዚያው ትቶት መጣ። ከዓመታት በኋላ እኔን ሲያስመጣኝ ግን ከሽሮውም ከበርበሬውም በፊት ያዘዘኝ እሱን ነው። በጋቢዬ ጠቅልዬ ሻንጣው መሀል አጋደምኩት። ኤርፖርት ላይ አንድ ፈታሽ ጋቢውን ገልጦ አየና፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ ደግኖ የመንፋት ምልክት አሳየኝ። ትነፊያለሽ ወይ ማለቱ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። ሳቀና አሳለፈኝ። በርበሬውን ግን ሁለት ጊዜ አሸተተው።

ያኔ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መካከል ላይ መሆኑ ነው። ልጄ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ምራቴ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ እኔ ሕፃኗን እይዛለሁ። ጡሩምባው የመጣ ለት ልጄ ከሥራ ገብቶ ልብሱን ሳይቀይር ነፋው። ሁለቴ እንደ ነፋ ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ወለላችንን ከሥር ይቀጠቅጠው ጀመር። በሳምንቱ ከአፓርታማው ኦፊስ የስሞታ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ምራቴ ቆማ አነበበችልን።

«ሌላ ኮምፕሌይን ከመጣ ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን፣ አናድስም ነው የሚሉት» አለች። አልጮኸችም። እሷ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። «እንግዲህ ወይ ቤቱ ነው፣ ወይ እሱ ነው።»

 ከዚያ በኋላ ልጄ ልብስ የምንሰቅልበት ክሎዜት ውስጥ ይገባና በሩን ዘግቶ፣ የጡሩምባውን አፍ በካፖርቶቹና በጋቢዬ መሀል ከትቶ ይነፋ ነበር። ከውጭ ሲሰማ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ንብ ነው። ቀሚሶቼ ሁሉ ናስ ናስ የሚል የትንፋሹን ሽታ ያዙ። እንዲህ እያደረገ ዓመት ያህል ቆየ፤ ከዚያ እየተወው መጣ። አንድ ቀን ሳህን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ከንፈሬ ሞተ፣ እማዬ» አለኝ። ጡሩምባ ነፊ ከንፈሩን ካላሠራው እንደሚሞት ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እኔ ይኼን ሁሉ ባሕር ያሻገርኩት ሣጥን ውስጥ ሊተኛ ነው? 

ታዲያ የሥራ ባልደረባው ሙዚቃ ስላለበት አንድ ፐብ፣ መጠጥ ቤት ማለት ነው፣ ነገረው። ከትልቁ መንገድ ገባ ብሎ፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ጃም ሴሽን አለ። ጃም ሴሽን ማለት እንዲህ ነው፦ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ይመጣል፣ ተራው ሲደርስ መድረኩ ላይ ወጥቶ ከቤቱ ባንድ ጋር ይጫወታል። አይተዋወቁም፣ አብረው አልተለማመዱም። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ብቻውን የሚጫወትበት ይደርሰውና ለሌላው ይለቅቃል። እኔ መጀመሪያ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጥ እየተጨዋወቱ ነው።

እኔ እዚያ ምን አገባኝ? ምራቴ እሑድ ፈረቃ አላት፤ ሕፃኗ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች። ልጄ ብቻዬን ቤት ትቶኝ መሄድ አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ከቅዳሴ ቀጥታ መጠጥ ቤት! ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ደረጃውን ወረድኩ፤ ከውስጥ የቢራ ሽታ ሲመጣ ግን እግሬ እምቢ አለ። «አንድ እርምጃ አልገባም» አልኩት። ኮሪደሩ ላይ፣ ከአንዲት ረጅም አግዳሚ ጫፍ፣ ወንበር ሰጡኝ።

ያቺ አግዳሚ ይቺው ናት።

ሌላ ቦታ ተራ የሚያዘው ስም ወረቀት ላይ በመጻፍ ነው አሉ። እዚያ ቤት ግን የጃሙ አለቃ ወረቀት አትወድም ነበር። ፒያኖ የምትመታ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ እምብዛም አያንስም፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ወረቀት ላይ ሰው ይሰርዛል፣ ይፍቃል፣ ይጣላል። ስለዚህ የመጣ ሰው የመሣሪያውን ሣጥን አግዳሚዋ ላይ በተራ ያስቀምጣል። ሣጥኑ ወደ መድረኩ በር ጫፍ የደረሰ እሱ ይጠራል፤ ሲወጣ የቀሩት ሣጥኖች ይጠጋሉ። ድራም መቺ ዱላዎቹን ያስቀምጣል፣ ዘፋኝ ሻርፕ። ከእኔ በቀር ምንም የማያስቀምጥ እዚያ ኮሪደር ላይ አይቀመጥም፤ ከፍሎ የሚጠጣ እንግዳ ነውና ውስጥ ይገባል። እኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ያን ሥርዓት ግን በአንድ ቀን አወቅሁት። አንድ ጊታር የያዘ ጎረምሳ ሣጥኑን ሾልኮ ወደፊት ሲገፋ ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት፤ መልሶ ወደ ቦታው አደረገው። ፒያኖ መቺዋ አይታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ግን ሁሉም ሣጥኑን ሲያስቀምጥ በዓይኔ ያስፈቅደኛል።

የመጀመሪያው እሑድ ልጄ ሣጥኑን አራተኛ አድርጎ አስቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ወረዱ። ነጭ ጢም፣ ቡናማ ባርኔጣ፣ በሁለት እጃቸው ያቀፉት የሳክስፎን ሣጥን። ከወንዙ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው የሚመጡት፤ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያም በእግር። ልጄ ብድግ አለ። የራሱን ሣጥን አንስቶ ቦታውን ለቀቀላቸውና ከኋላቸው አደረገ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ልጅ ሳለ አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ቆሞ እሱ ተቀምጦ አይቼ፣ በሰው ፊት በጥፊ ብዬዋለሁ። አልረሳውም ማለት ነው ብዬ ኮራሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። የሽማግሌው ተራ ደረሰ። ፒያኖ መቺዋ በበሩ ብቅ ስትል ሽማግሌው መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ገና ነኝ ማለታቸው ነው። ተነሥተው ሣጥናቸውን በቀስታ ወደ አግዳሚዋ መጨረሻ ወሰዱት። ዘገም ያለ ዜማ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ይላሉ አሉ። ልጄስ? ሽማግሌ አልፎ እንዴት ይገባል! እሱም ሣጥኑን አንስቶ ከእሳቸው ኋላ። እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌው ለመጣው ሁሉ ያሳልፋሉ፤ ልጄ ከእሳቸው ኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን በር ላይ በሞቴ ይግቡ፣ አንተ ግባ ሲባባሉ የሚውሉ ሁለት ሰዎች መሰሉኝ። አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ተዘጋ። አግዳሚዋ ላይ ሁለት ሣጥን ቀረ፤ የእሳቸውና የልጄ።

በሁለተኛው እሑድም እንደዚያው። በሦስተኛውም።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ ሁለት ነገር ባይገጥም። አንደኛው፣ የቤቱ ባንድ ትራምፔት ተጫዋች አገር ሊቀይር ነበር። ፒያኖ መቺዋ በወሩ መጨረሻ እሑድ በእሱ ቦታ ሰው እመርጣለሁ፣ ከሚወጡት መሀል አዳምጬ ነው አለች። ባንዱ ደግሞ ሰኞና ረቡዕ ቀን ቀን እዚያው ምድር ቤት ይለማመዳል። ጎረቤት የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሁለተኛው፣ እኔ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ትኬቴ ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ እሑድ በኋላ በማክሰኞው። ሻንጣዬ ሳሎን መሀል ተከፍቶ ተቀምጧል።

በሦስተኛው እሑድ ማግስት ልጄ ሻንጣው አጠገብ ቆሞ፣ «እማዬ፣ ጋቢሽን ከሥር አንጥፊው» አለኝ።

«ለምኑ?»

«የሚቀጥለው እሑድ ካልወጣሁ ይዘሽው ትመለሻለሽ። እዚያ ለሚነፋው ስጪልኝ። እዚህ ዝጎ ማየት አልፈልግም።»

«ለምን አታልፋቸውም እሳቸውን?»

«እንዴት አድርጌ? ሰማንያ ዓመታቸው ነው እኮ።»

«አይፈልጉም ይሆናላ!»

«ባይፈልጉ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ይመጣሉ? ያን የሚያህል ሣጥን ታቅፈው?»

«እና አንተስ?»

«እኔን ማን አሳደገኝ?» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ምራቴ ማድ ቤት ሆና ሰምታለች። «እማማ፣ እርስዎ ያሳደጉት ልጅ እኮ አውቶቡስ ላይ ወንበር ሲለቅ፣ ተነሡ ያላላቸውም ይነሡለታል፤ ማንም አይቀመጥም። ባዶ ወንበር አጠገብ ቆመን ነው ቤታችን የምንደርሰው» አለችኝ። መሳቋ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሻንጣው ላይ ነው። ጋቢውን አነጠፍኩት። መሀሉን ለጡሩምባው ክፍት ተውኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ተከፍቶ ያየኛል። መቃብር መሰለኝ።

የወሩ መጨረሻ እሑድ ዝናብ ነበር። ቅዳሴው ላይ አእምሮዬ ከእኔ ጋር አልነበረም። ፐቡ ስንደርስ ፒያኖ መቺዋ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አንድ ነገር ተናገረች። የልጄ ፊት ተለወጠ። አዳራሹ ለልደት ተከራይቷል፣ ዛሬ የምንዘጋው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው ማለቷ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆረጠብን።

ሽማግሌው ቀድመውን ደርሰዋል። ባርኔጣቸው ከዝናቡ ረጥቦ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ሣጥናቸው ሦስተኛ ነው። ልጄ የሱን አራተኛ አደረገ። አንድ ጊታር ገባ። አንዲት ፍሉት የያዘች ልጅ ገባች። የሽማግሌው ተራ ሆነ። መዳፋቸውን አነሡ።

ሣጥናቸውን ወደ መጨረሻ ወሰዱ። ልጄም ተከተለ። ጥርሱን ነክሶ ነው የተከተለው፤ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ድራም መቺ መጣ፣ ዘፋኝ መጣ፣ ሌላ ሳክስፎን መጣ። ሽማግሌው ለሁሉም እጃቸውን እየዘረጉ አሳለፉ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። ፊደል ባላውቅም ሰዓት አውቃለሁ። አሥራ አንድ ሆነ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ከውስጥ ሰው ያጨበጭባል፤ እያንዳንዱ ጭብጨባ አንድ ሰው አለፈ ማለት ነው። መቁጠሪያዬን አውጥቼ ያዝኩ እንጂ ጸሎቱ አልመጣልኝም።

አግዳሚዋ ላይ ዳግመኛ ሁለት ሣጥን ቀረ። ፊት የሽማግሌው፣ ኋላ የልጄ። የውስጡ ዜማ ወደ ማለቁ ነው። ልጄ ተነሣ፤ ከንፈሩን በሞቀ ውኃ ሊያርስ ይሁን ፊቱን ከእኔ ሊደብቅ ይሁን፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ሽማግሌውም ተነሥተው ባንኮኒው ጋ ውኃ ጠየቁ። ኮሪደሩ ላይ እኔና ሁለቱ ሣጥኖች ብቻ ቀረን።

ነገሩን ያሰብኩት አይመስለኝም። ቆሜ ራሴን አገኘሁት።  ሰው ተራ ሲሰርቅ በዓይኔ የምቀጣ እኔ፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሣጥን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሳነሣው ቀለለኝ፤ ድንጋጤ ጉልበት ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ነበርና እሱ ነው አልኩ። ድምፅ እንዳያሰማ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ቀስ ብዬ መጨረሻው ላይ አስቀመጥኩት። የልጄን ሣጥን ስጎትት ግን ከብዶኝ አግዳሚዋን ቧጨረ። የቧጨረበት ዛሬም አለ፤ ልጆቹ ጫማቸውን ከሚያሳርፉበት ከፍ ብሎ።

ተመልሼ ከመቀመጤ ፒያኖ መቺዋ ብቅ አለች። አግዳሚዋን አየች፤ ቅንድቧን አነሣች፤ ልጄን ጠራች።

ልጄ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ሣጥኑ ፊት ነው። ቆመ። ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምንም» አልኩት። በሰንበት፣ ነጠላ ለብሼ፣ በልጄ ፊት ዋሸሁ። «ተጠራህ። ሂድ።»

«እሳቸውስ?»

ሁለታችንም ወደ ባንኮኒው ዞርን። በሩ ክፍት ነው። ሽማግሌው ብርጭቆ ይዘው ቆመው ወደ እኛ ያያሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያዩ እግዚአብሔር ይወቅ። ብርጭቆውን ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ መድረኩ አመለከቱት። ልጄ ሣጥኑን ከፈተና ገባ።

እኔ ደፍሬ ያን ደጃፍ የረገጥኩት ያን ጊዜ ነው። በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ከበሩ ሥር ቆምኩ። ልጄ ጡሩምባውን አነሣ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ተሰነጠቀ። እንደ እንጨት ስንጥቅ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ፒያኖ መቺዋ አላቆመችም፤ ያንኑ እየደጋገመች ጠበቀችው። ዳግመኛ ጀመረ። አሁን አልተሰነጠቀም፤ ግን አይሰማም። አወቅሁት ድምፁን። ክሎዜት ውስጥ የማውቀው ነው፤ ፊቱ ላይ ካፖርት ያለ ያህል አፍኖ ነው የሚነፋው። ሰው ወደ ወሬው ተመለሰ፣ ብርጭቆ ተንኳኳ። ፒያኖ መቺዋ በአገጯ ከፍ አድርግ ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አያያትም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

«ልጄ!» ብዬ ጮኽኩ። «እዚህ ጎረቤት የለም! ንፋው!»

ቤቱ ሁሉ ዞረ። ማንም አልገባውም፤ እሱ ግን ገባው። ዓይኑን ገለጠ። ሲስቅ ከንፈሩ ከጡሩምባው ተላቀቀ፤ አየር ሳበ፤ ከዚያ ነፋው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እግሬ ሥር ያለው ወለል ሲነዝር ተሰማኝ። ያ የሳቀው ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፒያኖ መቺዋ አንገቷ ላይ ያለውን መነጽር አውልቃ ጣለችው። የልደቱ ሰዎች ኬክ ይዘው በደረጃው ወርደው ነበር፤ ኬኩን እንደያዙ ቆሙ። ሲጨርስ ፒያኖ መቺዋ ተነሥታ እጁን ጨበጠችው፤ አልለቀቀችውም። ሰኞ ቀን ና አለችው።

እኔ ግን ደስታዬን አልጨረስኩም። ወደ ኮሪደሩ ስመለስ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ሣጥናቸውን አቅፈው ሊወጡ ነው። ሰዓቱ አልቋል፣ እሳቸው አልተጫወቱም። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ጎንበስ አሉልኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ደረጃውን ሲወጡ አንድ በአንድ ነበር።

ጡሩምባው ከእኔ ጋር አልተመለሰም። ጋቢውን ብቻ ይዤ ሄድኩ፣ ሠርጉን በላሁ፣ ተመለስኩ። የመጀመሪያው እሑድ አግዳሚዋን ጠበቅሁ፤ ሽማግሌው አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። «ያ ሰውዬ የት ሄዱ?» ስለው ልጄ «እኔ እንጃ፣ እማዬ» ይለኛል። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የመጨረሻ ተራቸው ብትሆንስ? ለልጄ አፍ ስል የሽማግሌ አፍ ዘጋሁ እኮ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «ተራ ሰረቅሁ፣ አባ» አልኳቸው።

«የምን ተራ?»

«የጃዝ።»

መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጃዝ ምንድን ነው?»

አስረዳሁ። ግማሹ የገባቸው አይመስለኝም፤ ቀኖናው ግን ገብቶኛል። አርባ ቀን በማንኛውም ሰልፍ ላይ ተራሽን ለሌላ ስጪ አሉኝ። ሰጠሁ። ግሮሰሪ ሰጠሁ፣ አውቶቡስ ላይ ሰጠሁ። ክሊኒክ ስሜ ሲጠራ አጠገቤ ላለችው ሴትዮ ሰጥቼ ቀጠሮዬ አለፈ፤ ምራቴ ለሁለት ቀን በዚያ በቀነሰ ድምፅ አናገረችኝ። አርባው ቀን አለቀ፤ ሸክሙ አልወረደም።

ምድር ቤቱም አልቆየም። ሕንፃው ተሸጠ፣ ፈረሰ፣ አሁን በቦታው የመስታወት አፓርታማ ቆሟል፤ ከሥሩ ሰዎች ባሉበት የሚሮጡበት ስፖርት ቤት አለ። ጃሙ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ገባ፤ ውኃው አጠገብ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ውስጥ ነበር አዲሱ ፐብ። ፒያኖ መቺዋ አግዳሚዋን በመኪና ጭና ወሰደቻት። ልጄ እዚያ ስምንት ዓመት እሑድ እሑድ ነፋ። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። አሌክሳንድሪያ የሽማግሌው አገር ነውና በየአውቶቡስ ፌርማታው ነጭ ጢም እፈልጋለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ልጄን መኪና አስቁሜ ወርጃለሁ። ሌላ ሰው ናቸው።

የአሌክሳንድሪያውም ቤት በተራው ተዘጋ፤ ፒያኖ መቺዋ አግዳሚዋን ለእኛ ተወችልን። በመጨረሻው ቀን ወንበር ሲወጣ፣ ብርጭቆ በጋዜጣ ሲጠቀለል፣ እኔና ፒያኖ መቺዋ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥን። ያኔ የአግዳሚዋ አንድ እግር አጥሮ ነበር፤ ስንቀመጥ ወደ ፒያኖ መቺዋ አዘመመች። የልጄ ልጅ አድጋ ሃይስኩል ነበረች፤ አጠገባችን ቆማለች። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«ንገሪያት» አልኳት የልጄን ልጅ። «የዚያን ቀን ልጄ ተራው ደርሶ አልነበረም። የሽማግሌውን ሣጥን ከፊት አንስቼ ኋላ ያደረግሁት እኔ ነኝ በያት።»

ነገረቻት። ፒያኖ መቺዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ዝግ ብላ ታወራ ጀመር፤ ብዙ አወራች። የልጄ ልጅ «ዌት፣ ዌት» እያለች ታስቆማታለች።

«እማማ፣ ሣጥኑ ባዶ ነበር እያለች ነው።»

«የማን?»

«የሰውዬው። ጣቶቻቸው እምቢ ብለው ሳክስፎኑን ለልጅ ልጃቸው ከሰጡ ቆይተዋል። ግን ሣጥን የሌለው ሰው እዚህ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ራይት? ከሙዚቀኞቹ ጋር ለመቀመጥ ባዶውን ይዘው ይመጡ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ዳዲንም እንደሳቸው መስሏት ነበር፤ ሁለት ባዶ ሣጥን ነው የመሰላት። ለዚህ ነው እስከዚያ ቀን ያልጠራችው።»

ያ ቅለት እጄ ላይ ተመልሶ መጣ።

«ከዚያስ ለምን ቀሩ?»

ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አግዳሚዋን በመዳፏ እየዳሰሰች መለሰች።

«ልጃቸው ወደ ሌላ ስቴት ልትወስዳቸው ነበር፤ የዚያን ቀን ለመሰናበት ነው የመጡት። ከሄዱ በኋላ ኮል አድርገውላታል። ስላንቺ ነው ያወሩት፣ እማማ። ኮሪደር ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ ሣጥኔን ስታነሣ አየኋት፣ ባዶ መሆኑን አወቀች፤ ግን ሙሉ እንደሆነ አድርጋ ቀስ ብላ አስቀመጠችልኝ አሉ።»